የባልና ሚስት ሥራ

ከጠዋት ጀምሮ መብራት አራት ጊዜ ጠፍቷል፤ አራቱንም ጊዜ ያጠፋው ሻይ ነው። ሰው ለበዓል ድንኳን ይዞ ሲመጣ ትራሱን ይረሳል፣ ካልሲውን ይረሳል፣ አንዳንዱ የድንኳኑን ካስማ ሁሉ ይረሳል፤ የቤቱን ትልቅ የውሃ ማፍያ ግን አይረሳም። ያንን ሰክቶ፣ ከጎኑ ማሞቂያ አብርቶ፣ በላዩ ላይ የዳቦ መጥበሻ ሲጨምርበት፣ በየቦታው ዳር የቆመችው ወገብ የማትደርስ የመብራት ሳጥን ቀጭ ትልና ትዘጋለች። ከዚያ አንድ ሰው ጃንጥላ ይዞ የድንኳን ሜዳውን ወደምትጠብቀው ወደ ዶሪን ቢሮ ይመጣል። «ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት ፈልጌ አይደለም፣ ግን ምናልባት ጊዜ ካለዎት...» ይላል። ዶሪንም የዝናብ ልብሷን ታጠልቃለች፣ የሳጥኖቹን ቁልፍ ከምስማሩ ላይ ታወርዳለች፣ ጭቃውን እየረገጠች ትሄዳለች።

«ውሃ ሲያፈሉ ማሞቂያውን ያጥፉት። ሁለቱን ባንድ ላይ አይችልም።»

«አዎ፣ አዎ፣ በጣም ይቅርታ።»

«ምንም አይደል» ትላለች፤ ትመለሳለች። ዝናቡ ከዓርብ ጀምሮ ይኸው እሑድ ድረስ አላባራም። ነሐሴ ለእነሱ በጋ ነው ቢባልም ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። በዓሉ የሰኞ ዕረፍት ተጨምሮበት ሦስት ቀን ስለሆነ በሜዳው ላይ አንድም ባዶ ቦታ የለም፤ ሠላሳ ስድስቱም ቦታ ተይዟል። ዶሪን ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ማታ ስትተኛ እግሯ ብቻውን እየሄደ ያለ ይመስላታል።

ሥራው የባልና ሚስት ሥራ ነው። በእነሱ አካባቢ የድንኳን ሜዳ ጠባቂ ለብቻው አይቀጠርም፤ ጥንድ ሆኖ ነው። ባል ሣሩን ያጭዳል፣ መብራቱንና ውሃውን ያያል። ሚስት መዝገቡን ትይዛለች፣ መታጠቢያ ቤቱን ታጸዳለች፣ በጩኸትና በውሻ የተጣላውን ታስታርቃለች። ዶሪንና ባሏ ሄድሊ ልጅ የላቸውም፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ካርላይል ያለውን ቤታቸውን ሸጠው፣ በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ካራቫን የሚሉትን፣ ገዝተው፣ ከሜዳው በር ጎን አቁመው ኑሯቸውን እዚያው አደረጉት። የሜዳው ባለቤት ኮሊን ኤሪ የሚባል በግ አርቢ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ከጥንዱ አንዱ ከጎደለ ሥራውም፣ ካራቫኑ የቆመባትም መሬት ለሌላ ጥንድ ይሰጣሉ። ከዶሪን በፊት የነበሩት ሴትዮ ባላቸው በሞቱ በወሩ ዕቃቸውን ጭነው ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ። የሴትዮዋን ሻንጣ እስከ መኪናው የተሸከመችላቸው ዶሪን ናት።

ሄድሊ ግን አልሞተም፤ ቀስ በቀስ ነው የሚጎድለው።

አርባ ዓመት ሙሉ ኤሌክትሪሺያን ነበር። የመርከብ መጠገኛ ውስጥ ሠርቷል፣ ሆስፒታል ውስጥ ሠርቷል፤ አንድ ቀን እንኳ ኮረንቲ ይዞት አያውቅም። ሜዳው ላይ ድንኳን ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ አስቁሞ ሳያስተምር አያሳልፍም ነበር። «መጀመሪያ ከድንኳንህ ሰካ፣ መጨረሻ ከሳጥኑ። ስትነቅል ደግሞ መጀመሪያ ከሳጥኑ። የሞተ ሽቦ ይዘህ ሂድ እንጂ ሕያው ሽቦ ይዘህ እርጥብ ሣር ላይ አትንሸራሸር» ይላል። ማከፋፈያዋን ከመሬት ከፍ አድርገህ ስቀላት፣ በረጠበ እጅ አትንካት፣ የቤት ማስረዘሚያ እዚህ እንዳላይ። ከሁሉም በላይ ግን የመብራቱ ገመድ። ለድንኳን የሚሆነው ብርቱካንማ ገመድ ሃያ አምስት ሜትር ነው፤ ድንኳኑ ደግሞ ከሳጥኑ አምስት እርምጃ ላይ ይሆናል። የተረፈውን ሄድሊ «ሣሩ ላይ ልቀቀው፣ ዝርክርክ ይበል፤ አትጠቅልለው» ይላል። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን የሚያስወጣበት የለውም። የሳጥኑ ብሬከር ኮረንቲ ሰው ሲይዝ ይዘጋል፣ ጭነት ሲበዛም ይዘጋል፤ ገመድ በራሱ ሙቀት ቀስ እያለ ሲበስል ግን ምንም አይታወቀውም።

ይህን ማስረዳት ቀላል አልነበረም። የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ ተጠቅልሎ ካልተሰቀለ እንቅልፍ የማይወስደው ሕዝብ ነው። ዝርክርክ ገመድ ደጃፉ ላይ ከሚታይ ድንኳኑ ቢቃጠል የሚመርጥ አለ።

ካቻምና ጸደይ ላይ ሄድሊ አንዷን ሳጥን ከፍቶ፣ ጠመንጃ መፍቻውን ይዞ፣ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ዶሪን በዚያ ስታልፍ ዞር ብሎ አያት። «ይህ ነገር ምን ላይ ነው የሚውለው?» አላት በቀስታ። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሁለቱን ሥራ የምትሠራው እሷ ብቻ ናት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባላል፤ የዶሪንን ሎሚ ግን የሚካፈላት ቀርቶ መሸከሟን የሚያውቅ እንኳ እንዳይኖር አድርጋለች። ጠዋት ሰው ሳይነሳ ሣሩን ታጭዳለች። የብሬከሮቹን መሞከሪያ ቁልፍ በየሳምንቱ እየዞረች ትጫናለች፤ ይህንንም ሄድሊ ራሱ ድሮ ከጻፈው ደብተር ነው የተማረችው። ሰው ሄድሊን ሲጠይቅ «ጀርባውን አሞታል» ትላለች። እሱን ደግሞ አጥር ቀለም እንዲቀባ፣ ቅጠል እንዲጠርግ ትልከዋለች። ለኮሊን አልተናገረችም። ለሐኪም አልተናገረችም። ለሄድሊ ለራሱም አልተናገረችም፤ ምን ብላ ትጀምረዋለች? አንዳንድ ጊዜ ቀለሙን ቀብቶ ጨርሶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ዛሬ ደግሞ ጥሩ ሠራን» ሲላት ታለቅሳለች፤ መታጠቢያ ቤቱን ልጠርግ ብላ ሄዳ፣ እዚያ ታለቅሳለች።

ያን እሑድ ጠዋት የሄድሊ የዝናብ ልብስ ገና አልደረቀም ነበር። ይበርደዋል ብላ ከባዱን ካፖርት ከልብስ ሳጥን አወጣችለት። «ይህን ልበስ። በሩ ጋ ቁም፣ ለመጪው ሰው ሰላም በል፤ ሌላ ምንም አትሥራ» አለችው። እሺ አለ። እሷ የተዘጋ የውሃ መውረጃ ልትከፍት ሄደች፤ ከዚያ ሻይ ጠራት፣ ከዚያ ሻይ ጠራት። እኩለ ቀን ላይ ሄድሊ በሩ ጋ እንደሌለ ብታይም ካራቫን ገብቶ ተኝቶ ይሆናል ብላ አለፈች። ማረጋገጥ ነበረባት። ግን ደክሟት ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ከአምስተኛው ጥሪ ስትመለስ ሽታው አፍንጫዋን መታት። የምግብ አይደለም። የበሰለ ፕላስቲክ ነው። ዶሪን በሕይወቷ ብዙ ነገር ረስታለች፤ ያን ሽታ ግን የኤሌክትሪሺያን ሚስት አትረሳውም። ሽታውን ተከትላ አንገቷን እያዞረች ሄደች፤ ሃያ ሁለት ቁጥር ላይ ደረሰች።

ሃያ ሁለት ቁጥር ላይ ያረፈው ከብራድፎርድ የመጣ ነቪድ የሚባል ሰው ነው። ድንኳን ሲተክል የመጀመሪያው ነው። ዓርብ ሲደርስ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፎ ይዞ ነበር፤ ስለ ሶኬቱ፣ ስለ ብሬከሩ፣ ማሞቂያው ከድንኳኑ ግድግዳ ስንት ክንድ መራቅ እንዳለበት። ዶሪን እንደዚያ ዓይነት ሰው ትወዳለች። ገመዱን አብራው ነበር የዘረጋችው፤ እያንዳንዷን ጥምዝ ሣሩ ላይ ሲለቃት በዓይኗ አይታለች። ሁለት ልጆች፣ ሚስትና አማት ይዞ ነው የመጣው። ማሞቂያው ለአማቱ፣ እንደ እናቱ «አሚ» እያለ ለሚጠራቸው ለኹርሺድ ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ዝናቡንም አልወደዱትም።

ጭሱ ቀጭን ነው፤ ከድንኳኑ መግቢያ ሥር ይወጣል። ዶሪን ወደ ድንኳኑ አልሮጠችም። መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ ሄዳ ብሬከሩን ዘጋች፣ ሰማያዊውን ሶኬት ነቀለች፤ ከዚያ ነው ድንኳኑን የከፈተችው። ኹርሺድ በሁለት ሹራብና በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ታጣፊ ወንበር ላይ፣ ስኒ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ይውጡ! አሁኑኑ ይውጡልኝ!»

«ሻዬን ልጨርሰው እህቴ፣ አሁን ገና ነው የፈላው።»

«ድንኳኑ እየነደደ ነው!»

«አልኩት!» አሉ ኹርሺድ፤ ስኒያቸውን ሳይለቁ ተነሡ። «ይሄንን ሰውዬ አልኩት! ቤት ያለው ሰው ሄዶ ጨርቅ ውስጥ አያድርም አልኩት! ሰማኝ? አልሰማኝም!»

ዶሪን እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸው። መግቢያው ላይ ያለውን የልብስ ሻንጣ በእግሯ ገፋችው። ከሥሩ ያለው ገመድ ዓርብ እንደዘረጉት አልነበረም። ተጠቅልሏል፤ እኩል በእኩል፣ ጥምዙ ከጥምዙ ሳይበልጥ፣ ዝናብ እንዳይመታው ተብሎ ከመግቢያው ውስጥ ገባ ተደርጓል። መሀሉ ቀልጦ አንድ ላይ ተጣብቋል። የድንኳኑ ወለል መዳፍ የሚያህል ተበስቷል፤ የሻንጣው ግርጌ ጠቁሯል። ጥቅሉ ሦስት ቦታ ላይ በአረንጓዴ ሲባጎ ታስሯል፤ ሁለት ዙር፣ ከዚያ ከታች የሚገባ ቋጠሮ።

ያንን ቋጠሮ ዶሪን አርባ አራት ዓመት ታውቀዋለች። ሄድሊ የገና ስጦታዋን ሁሉ የሚያስረው በዚያ ነው።

ያን ጊዜ ነው ካፖርቱ የገባት። ሄድሊ ከባዱን ካፖርት የሚለብሰው በዓመት አንድ ቀን ነበር፤ ጥቅምት መጨረሻ ሜዳው ሲዘጋ፣ ገመዶቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ ጠቅልሎ፣ ጎተራ በሚያስገባበት ቀን። ሲባጎው ከአምና ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ነበር። ብርዱ፣ ዝናቡ፣ ካፖርቱ፣ ሲባጎው፤ ለእሱ ጥቅምት ሆኗል። ያለበሰችውም እሷ ናት።

ነቪድ የታጠበ ሳህን ይዞ እየሮጠ መጣ። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ባሕር ዳር ሄዳለች። ገመዱን አየ፣ አማቱን አየ፤ ሳህኑን ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

«አሚ፣ ደህና ነዎት? ተቃጠሉ?»

«ተቃጠሉ ይለኛል! ልትጠብሰኝ አልነበር? ገመዱን ጠቅልለህ ሥሬ አስቀምጠህ!»

«እኔ... እኔ እኮ ዘርግቼው ነበር።» ወደ ዶሪን ዞረ። «አብረን ነው የዘረጋነው አይደል? ከዚያ ምናልባት ጠዋት ዕቃ ሳስተካክል...»

«አንተ ነህ እንጂ ማን ነው!» አሉ ኹርሺድ። «የስልክ ቻርጀር በላስቲክ የምታስር ሰው! ካልሲህን በቀለም የምትደረድር ሰው! ጠቅልለኸዋል!»

ነቪድ ገመዱን ትክ ብሎ አየው። ዶሪን ፊቱ ላይ ነገሩ ሲለወጥ አየች። ያላደረገውን ነገር እያስታወሰ ነው። እግሩን ስትረግጠው ቀድሞ ይቅርታ የሚል ሰው አገር ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ጥፋት መሬት ወድቃ ካያት አንሥቶ ኪሱ ይከታታል።

«ልክ ናቸው፤ እኔ መሆን አለብኝ» አለ። «በጣም፣ በጣም ይቅርታ። ሰው ልገድል ነበር።»

ዶሪን አፏን ከፈተች። አንተ አይደለህም ልትል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ከቃሉ ጀርባ ግን ካራቫኑ፣ የቆመባት መሬት፣ ከእሷ በፊት የነበሩት ሴትዮ ሻንጣ ተከታትለው መጡባት።

«ምንም አይደል። በማንም ይደርሳል» አለች።

እየሄደች ሳለ ራሷን ጠላች። የቀለጠውን ጥቅል በጋዜጣ ይዛ ቢሮ አስቀመጠች፤ ከዚያ መንገዱን ተከትላ ሌሎቹን ማየት ጀመረች። ሃያ ሦስት ቁጥር ተጠቅልሏል፣ በአረንጓዴ ሲባጎ ታስሯል። ሃያ አራትም። ሃያ አምስትም። ሄድሊ ረድፉን በሙሉ ሠርቶታል፤ አሥራ ሁለት ገመድ፣ ሁሉም ያምራል። በየአንዳንዱ ላይ እየተንበረከከች፣ ሳጥኑን እየዘጋች፣ ቋጠሮውን በቀዘቀዘ ጣቷ እየፈታች፣ ገመዱን መልሳ ሣሩ ላይ ትለቀዋለች። የሄድሊ ቋጠሮ ሲረጥብ ይጠብቃል። ስድስተኛው ላይ ጥፍሯ ተሰበረ። ዝናቡ በአንገቷ ገብቶ በጀርባዋ ይወርዳል።

ሠላሳ አንድ ቁጥር የማርጀሪ ካራቫን ነው። ማርጀሪ ከፕሬስተን በየዓመቱ ከባሏ ከትሬቨር ጋር የምትመጣ፣ የዶሪን እኩያ፣ ፀጉሯን በዝናብም ቢሆን የምትሠራ ሴት ናት። መስኮቷን ከፈተች።

«አንቺ ዶሪን፣ ሳንባ ምች ሊይዝሽ ነው። ግቢና ሻይ ጠጪ።»

«ሻይ የሚሉትን ነገር ዛሬ አታንሺብኝ።» ቋጠሮው እምቢ ብሏታል። «ይህን ማን እንዳሰረው አይተሻል?»

ማርጀሪ ዞር ብላ ወደ ውስጥ አየች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሄድሊ ነው። ከምሳ በፊት። አንድ በአንድ እያነሣ፣ ጭቃውን እየጠረገ። ትሬቨር ማሞቂያ ተሰክቶ ገመዱ መጠቅለሉ አደጋ ነው ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«መናገር አልወደድንም።»

«መናገር አልወደዳችሁም?»

«ቅር እንዳይልሽ ብለን ነው የኔ እናት። የኛን ማሞቂያ አጥፍተን ቁጭ አልን።» ማርጀሪ ዓይኗ እንባ አዘለ። «አምናም እኮ የኛን ሳጥን ከፍቶ ቆሞ ቀርቶ ነበር። ትሬቨር ነው የጨረሰለት። ሃያ ዘጠኝ ያሉትም ያውቃሉ። ሁላችንም እናውቃለን። ላንቺ መንገር ከበደን እንጂ።»

ዶሪን ጭቃው ላይ እንደተንበረከከች ቀረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ሳይነጋ ሣር ስታጭድ፣ ጀርባውን አሞታል ስትል፣ ሰዎቹ መጋረጃቸውን ገለጥ አድርገው አይተው መልሰው ይዘጉ ነበር። እሷ ከእነሱ ትደብቃለች፣ እነሱ ማወቃቸውን ከእሷ ይደብቃሉ። ይሉኝታ ረድፉን በሙሉ ይዞታል፤ በዚያ መሀል አንዲት ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ በእሳት ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለታማሚው ነበር። ዶሪን የደበቀችው የሌላ ሰው በሽታ ነው።

የቀሩትን ገመዶች ፈትታ ስትመለስ ቢሮው ውስጥ ሰው አለ። ኮሊን ኤሪ የበግ ጥበቃ ጫማውን እንደተጫማ ቆሟል። ነቪድ ከፊቱ ቆሞ ባርኔጣውን ይጨምቃል። ጥፋቱን ራሱ ሄዶ፣ በዝናብ፣ ከሜዳው ማዶ እስካለው የኮሊን ቤት ድረስ ሄዶ ተናግሯል። የጠየቀው ሰው የለም። ሄድሊ ደግሞ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ጋር ካፖርቱን ለብሶ ተቀምጧል፤ የቀለጠው ጥቅል በጋዜጣው ላይ ከፊቱ አለ።

«ከነገ ጀምሮ ለድንኳን መብራት አልሰጥም» ይላል ኮሊን። «ለካራቫን ብቻ። አንተ ደግሞ ቤተሰብህን ሰብስብና ዛሬ ልቀቅልኝ። ሕጉ በር ላይ ተጽፎልሃል፣ ዶሪን በአፏ ነግራሃለች።»

«ልክ ነዎት» አለ ነቪድ። «ልጆቹ ከባሕር ሲመለሱ ወዲያው እንሄዳለን።»

«ሄድሊ፣ ባለሙያው እርስዎ ነዎት፤ እስቲ ይዩት» አለ ኮሊን።

ዶሪን በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሄድሊ መነጽሩን አደረገ። ጥቅሉን አነሣ፣ አዞረ፣ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ጠመንጃ መፍቻ ምን እንደሚሠራ የጠየቀው ሰው አይመስልም ነበር፤ ከዓይኑ ላይ ያ ጭጋግ ተነሥቶ የድሮው ሄድሊ ብቅ አለ።

«ተጠቅልሎ ነው የተቃጠለው» አለ። «ማሞቂያ ነበረበት። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ሳይቆይ አይቀርም። ብሬከሩ አልዘጋም፣ አይዘጋምም፤ እሱ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሌላ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው ድንኳኑ ጭራሽ አይገኝም።» ጥቅሉን አስቀመጠ። «ይህን ያደረገ ሰው ሳጥን አጠገብ ዝር ማለት የለበትም።»

«ሰማህ?» አለ ኮሊን።

«ሰማሁ» አለ ነቪድ፤ አንገቱን ደፋ።

ሄድሊ ግን ጣቱን ከሲባጎው ላይ አላነሣም። «አጠቃለሉ ግን ያምራል» አለ ለራሱ ያህል። «የተማረ እጅ ነው።»

ዶሪን ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«አንተ ነህ ሄድሊ» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«እሱ አይደለም። ይህ ሰው የነገርኩትን ሁሉ አድርጓል፣ ከማንም በላይ አድርጓል። አንተ ነህ የጠቀለልከው። ረድፉን በሙሉ። ሜዳውን የምንዘጋበት ቀን መስሎህ ነው። ካፖርቱን እኔ ነኝ ያለበስኩህ።»

ሄድሊ እጁን ከጥቅሉ ላይ አነሣ። «እኔ?» አለ። ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እጁን ከቶ የተረፈውን አረንጓዴ ሲባጎ አወጣ፤ አየው። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ዶሪን ማየት አልፈለገችም፤ ግን አየችው።

«ሰው ተጎዳ?» አለ።

«ማንም አልተጎዳም።»

ሄድሊ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ፤ ለነቪድ እጁን ዘረጋ። «ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

«አይ፣ አይ፣ እኔ ነኝ ይቅርታ...»

«አንተ ልጅ!» አለች ዶሪን። «ዳግመኛ ይቅርታ ብትል በዚሁ ገመድ ነው የምገርፍህ! ውጣና ለአማትህ ንገራቸው። አንተ አይደለህም!»

ነቪድ ወጣ። ኮሊን ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ዶሪን?»

«ካቻምና ጸደይ።»

«ሳጥኖቹን ማን ነው የሚያየው?»

«እኔ።»

«ሣሩንስ?»

«እኔ ነኝ ብዬሃለሁ።»

«የሰው ሕይወት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ኮሊን።»

«ከከተማ ኤሌክትሪሺያን አስመጣለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ሳጥኖቹን እንዳይነኩብኝ።» ባርኔጣውን መልሶ አነሣ። «ሰዎቹ ይቆዩ፤ ስለ ካሳቸው እኔና እነሱ እንነጋገራለን። እናንተ ግን... ሜዳው እስኪዘጋ። ከዚያ ሌላ ጥንድ መፈለግ አለብኝ። ይገባዎታል አይደል?»

«ይገባኛል።»

ኮሊን ሲወጣ በሩን በቀስታ ዘጋው። ሄድሊ ሲባጎውን በጣቱ ላይ እየጠመጠመ፣ እየፈታ ቆየ። የዝናቡ ድምፅ ጣሪያው ላይ ነው። ዶሪን ወደ መጋዘኑ ልትሄድ፣ መጥረጊያ ልታመጣ ዞረች።

«ካቻምና» አለ ሄድሊ። «ካቻምና ጸደይ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቅር እንዳይልህ ብዬ።»

«አሁን ቅር ብሎኛል» አለ። ቆጣ ብሏል፤ መቆጣት መብቱ ነበር። «ራሴ ራሴን አልጠብቅም ነበር? ብትነግሪኝ ቁልፉን ራሴ እሰጥሽ ነበር። ሞኝ አደረግሽኝ ዶሪን፤ ሰው ሁሉ እያየኝ።»

ዶሪን በሩን ያዘች። ሄድሊ መነጽሩን አውልቆ አያት። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል፣ ከጥፍሯ ደም ይወጣል፣ ጭቃው እስከ ወገቧ ደርሷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ያህል ቆየ።

«እኔ ነኝ እንደዚህ ያደከምኩሽ?»

«አዎ» አለች። «አንተ ነህ።»

ሄድሊ ራሱን ነቀነቀ። ካፖርቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት፤ የተቀመጠበትን ወንበር ወደ እሷ ሳበው። «በይ ተቀመጪ እንግዲህ» አላት። ተቀመጠች፤ ከውጭ አንድ ሰው ስሟን ቢጠራም አልተነሣችም።